ለጥናት የተወሰደ

ድሬዳዋ ውስጥ ቡና ቅምሻ ክፍል የሠራ ሰው ነገሩ ገና ሳልጨርሰው ይገባዋል። ከጆንያው ናሙና ይወጣል። ይቆላል፣ ይቀመሳል፣ ደረጃ ይወጣለታል። የተረፈው የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

አዲሱ አለቃችን ሲመጣ ናሙናው አበጠ። ለአንድ ጭነት ሦስት መቶ ግራም ይበቃን የነበረው ሁለት ኪሎ ሆነ። ለምን ሲባል «ለጥናት»። የምን ጥናት እንደሆነ አይነገርም። አቅራቢዎች ያጉረመርማሉ፣ እኛ ቀማሾቹ ዝም።

አውስትራሊያ ጃፓንን በዓሣ ነባሪ አደን ከስሳ ሔግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የረታችበት ሰሞን ነበር፣ በፈረንጆቹ መጋቢት 2014። ዓሣ ነባሪን ለንግድ ማደን ከ1986 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን ታግዷል። ጃፓን ግን «ለሳይንስ ነው» ብላ ለአዳኞቿ ፈቃድ እየሰጠች አንታርክቲክ ድረስ ትሄድ ነበር፣ ሥጋው ገበያ ይወጣ ነበር። ከ2005 እስከዚያ ድረስ ብቻ ሚንኪ የሚባለውን ዓሣ ነባሪ 3,600 ገደማ ገድላ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ12 ለ4 ድምፅ «ይህ ፈቃድ ለሳይንሳዊ ምርምር የተሰጠ ሊባል አይችልም» አለ።

ይህንን በሻይ ሰዓት አወራሁ። ለማን እንደማወራ ሁሉም ገብቶታል። አለቃ ሲኒውን አስቀመጠና ዞረብኝ።

«ቡና ሳይቆላ ይቀመሳል?»

«አይቀመስም።»

«የዓሣ ነባሪ ዕድሜስ ሳይሞት ይታወቃል? የጆሮው ኩክ ወጥቶ፣ ንብርብሩ ተቆጥሮ ነው። በሕይወቱ እያለ ኩኩን የሚያወጣልህ ካለ አምጣው!»

ንግግሩ አናደደኝ። የባሰ ያናደደኝ ግን ማወቁ ነው። ከደረሰኝ በቀር ምንም የሚያነብ አይመስለኝም ነበር።

«ክርክሩ መግደሉ ላይ ብቻ አይደለም፣ ቁጥሩም አለ» አልኩት። «ጃፓኖቹ በዓመት 850 ገደማ ሚንኪ ያስፈልገናል አሉ። በ2012/13 የያዙት 103 ነው። የጥናቱን ዓላማ ግን አልነኩትም። 103 ከበቃ 850ው ለምን ተጠየቀ? 850 የግድ ከሆነ በ103 ምን አጠኑ? አንተ አዲስ አበባ የሄድክ ሰሞን እኛም በሦስት መቶ ግራም ነው የሠራነው። ደረጃው ተዛባ?» (ድሬ ላይ አለቃም «አንተ» ነው፣ ክፉ እንዳይመስላችሁ።)

ቡና የሚቆላው ልጅ ሳቁን ለመደበቅ ምድጃው ላይ አጎነበሰ። አለቃ ግን ፍንክች አላለም።

«ፍርድ ቤቱ ሳይንስ የለበትም አላለም። በጥቅሉ ሳይንሳዊ ምርምር ሊባል ይችላል ብሏል። ደግሞ የ1946ቱን የዓሣ ነባሪ አደን ስምምነት አንቀጽ 8 አይተኸዋል? በተቻለ መጠን የተያዘው ይዘጋጅ፣ ገቢውም መንግሥት ባዘዘው መንገድ ይሂድ ነው የሚለው። ሥጋውን ሜዳ ላይ ጣሉት የሚል ሕግ የለም።»

«ስለዚህ የኛም ትራፊ...»

«አይባክንም» አለና ሲኒውን አነሳ።

ይቺን ቃል እስካሁን አልረሳኋትም። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁሉንም ነገረን፣ እኛም በአንድ ዓረፍተ ነገር ተረታን። ሰውየው ሊክድ ይችላል ብዬ ነበር የተዘጋጀሁት፤ በሕግ አንቀጽ ያምናል ብዬ አላሰብኩም።

በር ላይ ደረሰኝ የሚጠብቁ ሐጂ ነበሩ፣ ሶማሌ ናቸው፣ ከነባር አቅራቢዎቻችን አንዱ። እኔ የምሟገተው ለእሳቸው ቡና ነው እኮ። «አቦ ተወው» አሉኝ። «የኛው አብዱልቃዊ ዩሱፍ ራሱ ከአራቱ አንዱ ነው። እሱ ሕግ ሳያውቅ ነው?» ዳኛው በእርግጥም ድምፃቸውን የሰጡት ከተቃወሙት ጋር ነው። ምን እላለሁ? አለቃ ለሐጂ ወንበር አስመጣላቸው። ከዚያው ከራሳቸው ቡናም ተቀዳላቸው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ናሙናው ወደ አንድ ኪሎ ወረደ። ድል ነው ልል ስል ቅጹን አየሁት፤ «የንጽጽር ጥናት» የሚል አዲስ መስመር ገብቶበታል። ጃፓንም በ2015 በአዲስ ስም አዲስ ፕሮግራም ይዛ አንታርክቲክ ተመለሰች፣ በዓመት 333 ሚንኪ።

በ2019 ጃፓን ከዓለም አቀፉ ኮሚሽን ወጣችና በገዛ ባሕሯ ለንግድ ማደን ጀመረች። አለቃችን ያኔ ከመሥሪያ ቤቱ ለቋል። ቀፊራ አካባቢ የተቆላና የተፈጨ ቡና መሸጫ ከፍቷል። አንድ ቀን ሳልፍ ገባሁና ግማሽ ኪሎ አስመዘንኩ። ቡናው ጥሩ ነው፣ እሱን አልክድም። ቅናሽ ብጠይቀው ሳቀብኝ።

«አቦ፣ ይሄ እኮ ንግድ ነው።»