ከአገልጋይ በስተቀር

ሲያትል ውስጥ በክሎዚንግ ቀን፣ ማለትም የቤት ግዢው በሚፈረምበት ቀን፣ ገዢ ሳያነበው የሚፈርመው ነገር ቢኖር የቤቱን የባለቤትነት ሁኔታ የሚዘረዝረው የታይትል ሪፖርት ነው። ከገጾቹ አንዱ ላይ ቤቱ «በተመዘገቡ ገደቦች» ሥር መሆኑን የምትገልጽ መስመር አለች፤ አጠገቧ የመዝገብ ቁጥር። ገደቡ ራሱ አይታይም፤ ሰፈሩን የሸነሸነው ኩባንያ ባስመዘገበው ሌላ ሰነድ ውስጥ ነው።

አንድ ቀን አንድ ገዢ ለፊርማው አባቱን ይዞ መጣ። ሽማግሌው አገር ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው።

«ቁጥር ካለ ፋይል አለ፤ ይምጣ» አሉ።

ከካውንቲው ድረ ገጽ ወጣ። ልጅየው እያመነታ ተረጎመላቸው፦ ነጭ ያልሆነ ሰው ይህን ቤት አይገዛም፣ አይከራይም፣ አይኖርበትም፤ በአገልጋይነት ከተቀጠረ በስተቀር።

የቤት ሽያጭ ኤጀንቱ ቶሎ ብሎ «አባባ፣ ይሄ የሞተ ነገር ነው» አላቸው። አልዋሸም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1917 ከተሞች ሰፈርን በዘር እንዳይከፍሉ ሲከለክል ሻጮች ወደ ግል ውል ዞሩ። በ1948 ደግሞ በሼሊና በክሬመር ክርክር ፍርድ ቤቶች ያን ውል እንዳያስፈጽሙ ተወሰነ። በ1968 የወጣው የፌዴራል የቤት ሕግ የቀረውን ዘጋው።

ሽማግሌው ሁሉንም ሰምተው፣ «ታዲያ የሻረው ትእዛዝ የት ነው የተያያዘው?» አሉ።

የትም። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ስንት ክሎዚንግ አልፏል፤ ይህን የጠየቀ የለም።

ማያያዣው ግን አለ። የዋሽንግተን ግዛት በ2018 ባወጣው ሕግ ባለቤቱ የገደብ ማሻሻያ ቅጽ ሞልቶ፣ ኖተሪ (ፊርማ አረጋጋጭ) ፊት ፈርሞ በነፃ ያስመዘግባል። አሮጌው ገጽ አይፋቅም፤ አዲሱ እሱን በቁጥር ጠቅሶ መዝገቡ ውስጥ ይገባል። ከባለቤትነት ሰነዶቹ መካከል ጭራሽ እንዲወጣለት የሚፈልግ ፍርድ ቤት መሄድ አለበት። ደግሞም ቅጹ የባለቤት ነው፤ ዝውውሩ ሳይመዘገብ የፈረመ ገና ባለቤት አይደለም።

«እስከዚያ ምን ይሁን?» አለ ልጁ።

«እስከዚያማ ግባ። አገልጋይ ይፈቀዳል ይላል አይደል? ሠላሳ ዓመት ባንክ ልታገለግል አሁን ፈረምክ» አሉት። ከኤጀንቱ በስተቀር ሁሉም ሳቀ።

ዝውውሩ እንደተመዘገበ ቅጹን ኤጀንቱ ራሱ ሞላው፤ «ስንቱን ሠርቻለሁ» ብሎ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ቅጹ የሚፈልገው የመንገድ አድራሻ አይደለም፤ ሎት (የቦታው ቁጥር)፣ ብሎክ (ቦታው ያለበት ክፍል)፣ የፕላቱ (ሰፈሩ የተሸነሸነበት ካርታ) ስም፣ ከዚያ የዋናው ሰነድ ቁጥር። የመጀመሪያው ገጽ ከላይ 3 ኢንች ባዶ መተው አለበት። ሽማግሌው በመነጽራቸው በላይ አይተው፣ «የቦታው መለያ ይሄ ነው?» ሲሉ «አዎ አባባ፣ አድራሻው ነው» አላቸው።

ቅጹ ተመልሶ መጣ። በሁለተኛው ዙር ሎቱንና ብሎኩን እያነበቡ ያስጻፉት ሽማግሌው ናቸው።