ጌሾ ያጠጣው ማሽን

አብረውኝ ለሚሠሩ ልጆች ደጋግሜ የምነግራቸው ገጠመኝ አለኝ። እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነው የሆነው።

አንዲት እናት ልጃቸው አዲስ አበባ ስትጠቀምበት የኖረችውን አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ላከችላቸው። ከፊት የሚከፈት፣ በማዞሪያ የሚሠራ፣ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ የሚባል ነገር የሌለው ነው። እንዲህ ያለ ማሽን እወዳለሁ። ብረቱ ወፍራም ነው፤ ሁሉም ነገር በካቻቢቴና በቁልፍ ይፈታል። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ በአይሱዙ ተጭኖ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ ነው የደረሰው። ከበሮውን ለጉዞ የሚይዙት ብሎኖች ድሮ ጠፍተዋል። ደግነቱ ልጅቷ ከበሮው ዙሪያ ብርድ ልብስ ጠቅጥቃበት ስለነበር ስፕሪንጎቹ ደህና ናቸው። ቺንጋውንና ያለቀውን የሞተር ካርቦን ቀየርኩ።

ቤቱ ግራውንድ፣ ማለትም ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ መስመር፣ አልነበረውም። የብረት አካል፣ 220 ቮልትና ውሃ አንድ ላይ ሲገናኙ ይሄ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ዘንግ ቀብሬ መስመሩን እስከ ሶኬቱ አደረስኩ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ቢሆንም ይህን ሳልጨርስ ማሽን አልሰካም።

ጣጣው የመጣው ውሃ ስንከፍት ነው። ውሃው ሲገባ ይሰማል፤ ማሽኑ ግን አይሞላም። ማዞሪያውም ካለበት ንቅንቅ አይልም። እንዲህ ያሉ አሮጌ ማሽኖች ውሃው ልኩ ላይ ካልደረሰ ማጠብ አይጀምሩም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሮቶውን ነበር። የሮቶው ውሃ በከፍታ ከማሽኑ 3 ሜትር ቢበልጥ ነው፤ ይሄ ደግሞ 0.3 ባር ገደማ ግፊት ብቻ ይሰጣል። የማስገቢያውን ወንፊት አወጣሁት። ዝገትና አሸዋ ይዟል። አጠብኩት። ለውጥ የለም።

ቀጥዬ የውሃውን ልክ የሚያውቀውን ስዊች ፈታሁ። ከታች የሚመጣ ቀጭን ጎማ አለው። ውሃው ከፍ ሲል ጎማው ውስጥ ያለው አየር ይታመቅና ስዊቹን ይገፋዋል። በአፌ ቀስ ብዬ ነፋሁበት። «ቀጭ» አለ። ጤነኛ ነው! እንዲህ ስል 2 ሰዓት ፈጀሁ፤ ወለሉ በብሎን ተሞላ።

እማማ ጌሾ ሊቀነጥሱ ጓሮ ወጥተው ነበር። ከዚያው ሆነው ተጣሩ፦ «አንተ ልጄ፣ ኸጌሾው ሥር ጨቅይቷል እኮ። ማነው ያጠጣው?»

ሮጬ ወጣሁ። የፍሳሽ ጎማውን በግድግዳው ቀዳዳ አሳልፌ ጓሮ መሬት ላይ የዘረጋሁት እኔው ነኝ። ጓሮው ከቤቱ ወለል ዝቅ ይላል። ውሃው ፓምፑ እስኪነሳ ሳይጠብቅ በራሱ ቁልቁል ይወርድ ነበር። ከሮቶው የሚመጣው ቀጭን ውሃ ደግሞ የሚወጣውን ሊቀድመው አልቻለም።

ጎማውን አንስቼ ከወለሉ 80 ሳንቲ ሜትር ላይ ግድግዳው ላይ አሰርኩት። ጫፉን ሰፋ ያለ የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ከተትኩት፤ አየር እንዲገባ ዙሪያውን አልደፈንኩትም። እንደገና ከፈትን። ውሃው በመስታወቱ ላይ ቀስ እያለ ከፍ አለ። «ቀጭ»። ከበሮው መዞር ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ ካቻቢቴ ከማንሳቴ በፊት ጎማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጄ እየዳበስኩ እከተላለሁ። የቤቱንም ሰው «ምን ያዩት አዲስ ነገር አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

እማማ ግን ሐሳባቸው ሌላ ነበር። «ሳሙናው ጌሾዬን አይጎዳብኝም?» አሉኝ። እስካሁን የፈሰሰው ንጹሕ ውሃ መሆኑን ነገርኳቸው። ሳሙና ከመጨመራችን በፊትም ቱቦውን ከጌሾው አርቄ ወደ ፍሳሽ ጉድጓዱ አዞርኩላቸው።