ሰዓቱ ለማንም አይቆምም፦ ኦፕንቲቲዲን ከሰው ጋር ስጫወት የተማርኩት

ኦፕንቲቲዲ የትራንስፖርት ኩባንያ የማስተዳደር ጌም ነው። በብድር ትጀምራላችሁ። ሐዲድ ትዘረጋላችሁ፣ ባቡር ትገዛላችሁ፣ የድንጋይ ከሰሉን ከማዕድን ማውጫው ወደ ኃይል ማመንጫው ታደርሳላችሁ። ክፍያው በርቀቱ፣ በጭነቱ ብዛትና በደረሰበት ፍጥነት ይወሰናል። መነሻው ክሪስ ሶየር እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው ትራንስፖርት ታይኩን ነው። የዛሬውን ግን በጎ ፈቃደኞች ናቸው የሚሠሩት፤ ነጻ ነው፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። ለብቻዬ ስጫወተው ኖሬ ከሰው ጋር ስሞክረው ግን ጨርሶ ሌላ ጌም ሆነብኝ።

ልዩነቱ ሰዓቱ ነው። ለብቻ ስትሆኑ ጌሙን አቁማችሁ ተረጋግታችሁ ትሠራላችሁ። ገንዘብ ሲያጥራችሁ ደግሞ ፍጥነቱን ጨምራችሁ ክፉውን ጊዜ ታሳልፉታላችሁ። በጋራ ስትጫወቱ ሁለቱም የሉም። ማቆም የሚችለው ሰርቨሩን፣ ማለትም ሁሉም የሚገናኝበትን ኮምፒውተር፣ የያዘው ሰው ነው፤ ማፍጠን ግን ማንም አይችልም። የጌሙ አንድ ቀን 2 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ዓመቱ 12 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። እናንተ የጣቢያውን መልክ ስታሳምሩ ዓመቱ ያልቃል፣ ወለዱም ይቆጠራል።

መጀመሪያ የተጫወትነው ያለ ኢንተርኔት ነው። አንዳችን የስልኩን ሆትስፖት ከፈተ፣ ሌሎቻችን በላፕቶፖቻችን ገባን። ዳታው ቢጠፋም ችግር የለም፤ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ መገናኘታቸው ብቻ ይበቃል። ጠንካራ ላፕቶፕ ያለው ልጅ ሰርቨሩን አስጀመረ፣ እኛ ከዝርዝሩ ላይ መርጠን ተቀላቀልን። በአንድ ጌም እስከ 15 ኩባንያ ይፈቀዳል፤ በአንድ ኩባንያ ውስጥ ደግሞ ከአንድ በላይ ሰው መሥራት ይችላል። ሳትጫወቱ ዝም ብሎ ማየትም አለ። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ አስተካክሉ። የሁላችሁም ቨርዥን አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ኒውጂአርኤፍ የሚባሉት ተጨማሪ ፋይሎችም እንዲሁ። እኛ የጌሙን መጫኛ ፋይል በፍላሽ አዙረን ነው የተገላገልነው።

ጌሙ ቨርዥኑ ላይ ለምን እንደዚህ ያጠብቃል? ሰርቨሩ የእያንዳንዱን ባቡር እንቅስቃሴ አይልክላችሁም። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ሙሉውን ጌም ራሱ ያሰላል። በኔትወርኩ የሚተላለፈው ትእዛዙ ብቻ ነው፦ «እዚህ ጋ ሐዲድ ተዘረጋ»፣ «ይኼ ባቡር ተሸጠ»። ሁሉም ያንኑ ትእዛዝ በዚያችው ቅጽበት ስለሚፈጽም ውጤቱ አንድ ይሆናል። ለዚህ ነው ደካማ ኔትወርክ የማያስቸግረው። ለዚህም ነው አንድ ነገር ስትጫኑ ትንሽ ቆይቶ የሚሠራው፤ ትእዛዙ ሰርቨሩ ጋ ደርሶ መመለስ አለበት።

ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል። የአንዱ ኮምፒውተር ስሌት በጥቂቱም ቢሆን ከሰርቨሩ ከተለየ ያ ሰው ይባረራል። ዲሲንክ የሚሉት ይህንን ነው። መፍትሔው ተመልሶ መግባት ነው፣ ማፑ እንደገና ይወርድለታል። ላፕቶፑ ከመድከሙ የተነሣ ከሰዓቱ ወደኋላ የቀረም እንዲሁ ይወጣል። ስለዚህ ትልቅ ማፕ አትምረጡ። 256 በ256 ሳጥን የሚለው ለአራት ሰው ይተርፋል፤ ደግሞ ሰፊ ሜዳ ላይ ማንም ከማንም ስለማይገናኝ ፉክክሩ ይቀዘቅዛል።

በኋላ ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ ገባ። ከቨርዥን 12 ወዲህ ይኼ ቀላል ነው። ሰርቨሩ የግብዣ ኮድ ይሰጣችኋል፣ በቴሌግራም ትልኩለታላችሁ፣ ኮዱን አስገብቶ ይቀላቀላል። ራውተር መነካካት ቀርቷል። የሚከብደው ሰዓት ማመቻቸት ነው፦ እኛ ጋ ማታ 3 ሰዓት ሲሆን እሱ ጋ ገና ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሥራ ላይ ነው። (አለቃው ይህን እንደማያነብ ተስፋ አደርጋለሁ።)

አሁን ወደ ንግዱ። ሰቲንጉ ካልተነካ የመነሻ ብድሩ 100,000 ፓውንድ፣ የብድሩ ጣሪያ 300,000 ነው። እኔ ሙሉውን ወስጄ ነው የምጀምረው። አንድ ረዘም ያለ የከሰል መስመር፣ ጥቂት ባቡር፣ በቃ። ሐዲዱ ቢጣመምም አይጨንቀኝም፣ ገንዘብ ሲገባ ይስተካከላል። ከተማ ውስጥ አውቶቡስ ማሰማራት ያጓጓል፣ መጀመሪያ ላይ ግን ትርፉ ከከሰሉ ጋር አይወዳደርም። ሂሳቡ ከዜሮ በታች ወርዶ ለወራት እዚያው ከቆየ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ካልተስተካከለ ኩባንያው ይፈርሳል።

እውነተኛው ትግል የሚጀምረው ሁለት ኩባንያ አንድ ማዕድን ማውጫ ላይ ሲገናኝ ነው። ማዕድኑን ቀድሞ የያዘ ባለቤት አይሆንም። እናንተ ያገኛችሁት ማውጫ ጎን ሌላው መጥቶ ጣቢያ ይተክላል፣ ጭነቱም ይከፋፈላል። የሚከፋፈለው በጣቢያዎቹ ነጥብ ነው። ነጥቡን የሚያወጡት የመጨረሻው ባቡር ከመጣ ስንት ቀን እንዳለፈ፣ የባቡሩ ፍጥነትና ዕድሜ፣ እንዲሁም ሳይነሣ የተከማቸው ጭነት ናቸው። እኔ ሁልጊዜ አንድ ባቡር «እስኪሞላ ጠብቅ» ብዬ ጣቢያው ላይ አቆማለሁ። አንዱ ሞልቶ ሲወጣ ሌላው ይተካል፣ ጣቢያው ባዶ አይሆንም። ከሁለት ትልልቅ ባቡሮች አራት ትንንሾች የሚሻሉት በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ ሞተር ሲወጣ ደግሞ አሮጌውን ቶሎ መቀየር ያዋጣል፤ ተፎካካሪው ከቀደመ ድርሻችሁ ወደ እሱ ይሄዳል።

ማዘጋጃ ቤቱንም አትናቁ። እያንዳንዱ ከተማ ለእያንዳንዱ ኩባንያ የራሱ አስተያየት አለው። ዛፍ ስትቆርጡ፣ ቤት ስታፈርሱ ይቀየማል፤ ከተቀየመ ጣቢያ መሥራት ይከለክላችኋል። ዛፍ ስትተክሉለት ይለሳለሳል። ጉቦም አለ! ካልተሳካ ግን ገንዘቡም ይሄዳል፣ ስማችሁም ይጠፋል። ከሁሉ የከፋው ብቸኛ የማጓጓዝ መብት ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ከተማውን ለአንድ ዓመት ይገዛዋል፤ የዚያ ከተማ መንገደኛ የሌላ ኩባንያ ጣቢያ አይረግጥም። አንድ ጓደኛችን ዓይኑን በጨው አጥቦ ይህን በየዓመቱ እየገዛ የሌላውን እንጀራ ዘጋ። ሲነገረው «ንግድ ነው» አለ። እውነቱን ነው፣ ግን ማምሻችን ተበላሸ።

ስለዚህ ከመጀመራችን በፊት ሰቲንጉን አብረን እናያለን። ብቸኛ መብትና የከተማ መንገድ ማስቆፈር ሊዘጉ ይችላሉ። መንገድ ማስቆፈሩ ለስድስት ወር ያህል የከተማውን መንገድ ስለሚያሰናክል የአውቶቡስ ኩባንያን ይገድላል። በሌላው ሐዲድ መንዳት አይቻልም፤ የከተማ መንገድ ግን የጋራ ነው። ያ ክፍተት ተንኮል ያመጣል፦ የሌላው አውቶቡስ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ሐዲድ አቋርጦ ባቡር መልቀቅ። ባቡሩ ምንም አይሆንም፣ አውቶቡሱ ግን ይወድማል። እኛ ይህን በቃል ከልክለናል። ጉቦውን ግን ትተነዋል፣ ያስቃል።

አሁን በብዛት ሁለት ሁለት ሆነን አንድ ኩባንያ እንይዛለን። አንዱ ሐዲድ ሲሠራ ሌላው ሂሳቡንና ማዘጋጃ ቤቱን ይከታተላል። ሰዓቱ ስለማይቆም አራት እጅ ከሁለት ይሻላል። ሌሎቹ የማያዩት የኩባንያ ቻትም አለ፣ ሹክሹክታው የሚካሄደው እዚያ ነው።

መብራት ሲጠፋስ? ሰርቨሩን የያዘው ሰው ከወጣ ሁሉም ይወጣል። ግን ሙሉው ጌም በሁላችንም ኮምፒውተር ላይ ስለሚሰላ ማንኛችንም ሴቭ ማድረግ እንችላለን። በየመሃሉ ሴቭ የማድረጉን ሥራ ለአንድ ሰው ሰጥተነዋል፤ ባትሪው የሚቆይ ላፕቶፕ ላለው። መብራት ከሄደ ከዚያ ፋይል ሰርቨሩን እሱ ያስጀምራል፣ አዲስ የግብዣ ኮድ ወደ ቨርጂኒያ ይልካል፣ ባቡሮቹም ካሉበት ይቀጥላሉ።