ወንበር ላይ የተማርኩት ቮሊቦል

ከቀኝ ጉልበቴ ሎሚ ዝቅ ብሎ አንዲት እብጠት አለች። ከሽምብራ ትንሽ ትበልጣለች። አታመኝም። ቤተ ክርስቲያን ስንበረከክ ብቻ መኖሯን ታስታውሰኛለች። ያያት ሰው ሁሉ «ወድቀሽ ነው?» ይለኛል። አልወደቅኩም። ቮሊቦል ነው።

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ከቤት ስትወጡ ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። የቮሊቦል ኳስ ክብደቷ ከ260 እስከ 280 ግራም ነው ይላል ሕጉ። ሕጉን የጻፈው ሰው ግን ደብረ ብርሃን መጥቶ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በክንዱ አልተቀበላትም። ድንጋይ ናት። ክንዳችን ቀልቶ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ሜዳችን አፈር ነው። መስመሩን በኖራ እናሰምራለን፣ ኖራ ሲያልቅ በአመድ። 14 ሴቶች ነበርን፣ ኳሶቹ ሁለት። አንዷ ደግሞ ሁልጊዜ ትተነፍሳለች።

በ2003 ዓ.ም. ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፣ 13 ዓመቴ። ፍላጎቴ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መምታት። ዘልዬ፣ እጄን ወደ ኋላ ስቤ፣ ኳሷን መሬት ላይ መሰንጠቅ። እውነቱን ለመናገር ቮሊቦል ላይ ጭብጨባው የመቺ ነው። ለመቺዋ ኳሷን ማን እንዳነሳላት የሚያይ የለም።

አባዬ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው፣ በፈረቃ። ስለ ቮሊቦል የሚያውቀው ከሬዲዮ ስፖርት የሰማውን የሙገር ሲሚንቶን ቡድን ስም ብቻ ነው። አንድ ቀን ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ «የመረቡ ቁመት ስንት ነው?» አለኝ። የሴቶች 2 ሜትር ከ24 ነው አልኩት። ሳይተኛ ሜትር አመጣ። ከቤታችን ጀርባ ካሉት ሁለት ባሕር ዛፎች ላይ ለክቶ ምስማር መታ፣ ገመድ ወጠረ። በማግስቱ መሃሉን ሲለካው ረግቦ 2 ሜትር ከ21 ሆኗል። እንደተሰረቀ ሰው ነው የተናደደው። ፈትቶ እንደገና አጥብቆ አሰረው። እኔ 3 ሳንቲ ምን ታደርጋለች ብዬ ሳቅኩ። «ውሸት መረብ ላይ ከተለማመድሽ እውነተኛው ሰማይ ይሆንብሻል» አለኝ።

እማዬን ማሳመን ግን ከባድ ነበር። መጀመሪያ ክርክራችን በቁምጣ ነበር። «በዚህ ብርድ፣ በዚህ ሰፈር፣ ሴት ልጅ እግሯን ገልጣ!» በቱታ ታረቅን። ቀጥሎ ማርክ መጣ፤ ከአሥረኛ ደረጃ ከወረድኩ ኳስ የለም። (አንዴ 12ኛ ወጥቼ ካርዱን ለሦስት ቀን ደበቅኩት። በአራተኛው ቀን ከፍራሽ ሥር አወጣችው። ለሁለት ሳምንት ሜዳ አላየሁም።) ግን ይቺው እማዬ አንድ ማታ አሮጌ ብርድ ልብስ ቀድዳ፣ ውስጡ ስፖንጅ ከትታ፣ በላስቲክ ዙሪያውን ሰፍታ የጉልበት መከላከያ ሠራችልኝ። ግራጫ ሆኖ ቀይ መስመር ነበረው። ልጆቹ «ብርድ ልብስ» የሚል ስም አወጡልኝ። ከወር በኋላ ስድስቱ እናታቸውን ይዘው እማዬ ጋ ልክ ሊያስወስዱ መጡ።

ሌላም ነገር አድርጋለች። አሰልጣኛችን ወንድ ነው፣ የትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር። ቲቸር ነበር የምንለው። በዛን ጊዜ ስለ ወር አበባ ለወንድ መምህር የሚያወራ ልጅ የለም፤ «አሞኛል» ብሎ መቅረት ነው። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ትምህርት ቤት ሄደች። ለብቻው ጠርታው፣ «መምህር፣ ልጄ ‹ዛሬ አልዘልም› ስትልዎ ምክንያት አይጠይቋት» አለችው። በማግስቱ ቲቸር አሰልፎን፣ መሬት መሬት እያየ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ‹ዛሬ አልዘልም› ያለች ልጅ አትዘልም። ምክንያት አልጠይቅም» አለ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። ከዛ ወዲህ በዛ ሰበብ የቀረች ልጅ አላስታውስም።

ወደ ጉልበቴ ልመለስ።

ገመዱ ከተወጠረ ጀምሮ ማታ ማታ እየዘለልኩ ነበር። ሃምሳ፣ ስልሳ ጊዜ። ሚያዝያ ላይ ከጉልበቴ ሎሚ በታች ማመም ጀመረ። ግንቦት ላይ ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ጎረቤታችን እትዬ «ወጌሻ ጋ ካልወሰዳችኋት» ብለው ያዙን። ቅቤውም ተዘጋጅቶ ነበር። ቲቸር ቤት ድረስ መጣ። ቡና እየተፈላ ነው። «አደራ እንዳትታሽ» አለ። «መጀመሪያ ሐኪም ይያት።» እትዬ አኮረፉ።

ሐኪሙ በአውራ ጣቱ እብጠቷን ተጫናት፤ ጮህኩ። ለአባዬ ወረቀት ላይ ስሎ አስረዳው። ስሙ ኦስጉድ ሽላተር ይባላል። በእድገት ላይ ያለ፣ ብዙ የሚዘልና የሚሮጥ ልጅ ላይ ይመጣል። የጭኑ ጡንቻ በጉልበት ሎሚ በኩል አልፎ የታችኛው አጥንት ላይ ይያያዛል። የሚያያዝበት ቦታ ደግሞ ልጅ እያለን ገና አልጠነከረም። በዘለልን ቁጥር ይጎተታል፣ ይቆጣል። እድገት ሲያበቃ አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ይጠፋል፣ እብጠቱ ሊቀር ይችላል። መድኃኒቱ ዝላይ መቀነስ ነው። አባዬ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። መንገዱን ሁሉ አልተናገረም። ቤት ስንደርስ ግን ገመዱን ፈትቶ ጠቅልሎ ምስማሩ ላይ ሰቀለው።

በቃ፣ አለቀልኝ ብዬ አለቀስኩ። በማግስቱ ቲቸር ከቢሮ የእንጨት ወንበር ተሸክሞ ሜዳው መሃል አስቀመጠ። «ተቀመጪ» አለኝ። ተቀመጥኩ። ኳስ ወረወረልኝ። «በጣትሽ ወደ ላይ አንሺያት። እግር የለሽም። ያለሽ ጣትና አንጓ ነው።»

ቁጭ ብሎ ኳስ ማንሳት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ቆሞ የሚያነሳ ሰው ጣቱ ቢሰንፍ በእግሩ ይገፋል። ወንበር ላይ ይሄ ማጭበርበሪያ የለም። አውራ ጣቶችና ጠቋሚ ጣቶች ግንባር ላይ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ፤ ኳሷ እዛ መስኮት ውስጥ ትገባለች። ከያዝሻት ዳኛው ይነፋል። ከመታሻት ትሸሻለች። እኔ መጀመሪያ እየያዝኳት አስቸገርኩ። ቲቸር ኳሱን አቁሞ መጣና፣ «ትኩስ ድንች ልጠሽ አታውቂም?» አለኝ። አውቃለሁ። «ድንቹ እጅሽ ላይ ምን ያህል ይቆያል?» ገባኝ። በዛው ሳምንት እማዬ ቅቅል ድንች ስትልጥ ጣቷን ቁጭ ብዬ አየሁ። አትይዘውም፣ አትጥለውም። ጣቷ ጫፍ ላይ እያዞረች ነው የምትጨርሰው።

በሦስተኛው ሳምንት አባዬ ከሥራ ሲመለስ በሜዳው በኩል አለፈ። ልጆቹ ሁሉ ይሮጣሉ፣ ልጁ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከዳር ሆኖ ጮኸ፤ «መምህር! ልጄን የላኳት ለስፖርት ነው ወይስ ለማኅበር? ጠበል ጠዲቅ ብቻ ነው የቀራት!» ልጆቹ ሳቁ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ቲቸር በእርጋታ፣ «ጋሼ፣ ነገ ይምጡ፣ ሻይ እንጠጣለን። ልጆቹ ፊት ግን አይሆንም» አለው።

ሄደ፣ ጠጡ። ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ከዛ ቀን ወዲህ ግን አባዬ ሜዳ ሲመጣ ጀሪካን ውሃ ይዞ ይመጣል፤ ከመስመሩ ኋላ ቆሞ ኳስ ያነሳል፣ አንድ ቃል አይተነፍስም። ጨዋታ ሲያልቅ አብረን በእግር እንመለሳለን። ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቀኝ። «ራበሽ?» አሸነፍን፣ ተሸነፍን፣ «ራበሽ?» ነው። ፓስቲ እንገዛለን፣ እየበላን እንሄዳለን። ማውራት የምፈልግ ከሆነ እኔ እጀምራለሁ።

ቲቸርን ግን መልአክ አድርጌ እንዳላቀርብላችሁ። አፉ ስለት ነበር። የተጫወተው ሰርቭ ያደረገ፣ ማለትም ኳሷን ያስጀመረ፣ ቡድን ብቻ ነጥብ በሚያገኝበት ዘመን ነው። ያ ሕግ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ተቀይሯል። እሱ ግን ትዕግሥት እንድንማር እያለ በድሮው ሕግ ያጫውተናል። አንድ ዙር ሳያልቅ ይመሻል። አንድ ቀን ሰርቭ መቀበል ያቃታትን ልጅ «እንቅልፋም!» ብሎ ጮኸባት፣ ፊሽካውን አፈር ላይ ወረወረው። በማግስቱ ግን መጥቶ ሁላችንም ፊት፣ «ትላንት ያልኩሽ ልክ አልነበረም» አላት። መምህር ተማሪን ይቅርታ ሲጠይቅ ስናይ የመጀመሪያችን ነበር። እሷ ደንግጣ «ችግር የለም» እንኳን ማለት አቃታት።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ጉልበቴ ተሻለው። ቲቸር መቺ መሆን ትችያለሽ ቢለኝ እምቢ አልኩ። በቮሊቦል አንድ ቡድን ኳሷን ወደ ማዶ ለመመለስ ሦስት ንክኪ አለው። ሁለተኛዋ የሴተሯ፣ ለመቺዋ ኳስ የምታነሳላት ልጅ፣ ናት። ሁለተኛዋ ኳስ የእኔ ናት ማለት ጨዋታው በሙሉ በእኔ እጅ ያልፋል ማለት ነው። ይሄንን ስሜት ከቀመስኩ በኋላ መምታቱ ቀለለብኝ።

በዛው ዓመት በከተማው የትምህርት ቤቶች ውድድር ለፍጻሜ ደረስን። በዙር ሁለት ለሁለት ሆንን። አምስተኛው ዙር እስከ 15 ነው። 14 ለ 13 እየተመራን ነው። ነፋሱ ከጀርባችን ይነፍሳል። ኳሷ ተቀብላ ወደ እኔ ተነሳች፣ ነፋሱ ወደ መረቡ ገፋት፣ ተንደርድሬ ደረስኩባት። ጣቴ ደንዝዞ ነበር። ቀኝ እጄ ቀድሞ ነካ፣ ግራው ተከተለ። ያየ ሰው ሁሉ አየ። ፊሽካው ተነፋ፣ ዳኛው ሁለት ጣቱን አነሳ። 15 ለ 13።

ከሜዳ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። አባዬ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ አጠገቤ ይሄዳል። «ራበሽ?» አለ። አልራበኝም። ሁለት ፓስቲ ገዝቶ ሁለቱንም ያዘ። የፋብሪካው አጥር ጋ ስንደርስ፣ «እንዲያው ልጠይቅሽ» አለ፤ «ዳኛው ያነሳት ሁለት ጣት ምን ማለት ናት?»

ሁለቴ ነክታለች ማለት ነው አልኩት። «ሁለቴ መንካት ምን ችግር አለው?» አስረዳሁት። «ቀኙ ስንት ቀደመ?» መንገድ ላይ ቆሜ በባዶ እጄ አሳየሁት። «እስቲ አሁን ልኩን አሳይኝ።» ልኩንም አሳየሁት። ፓስቲዎቹን አፉ ላይ ነክሶ፣ ጀሪካኑን መሬት አስቀምጦ፣ እሱም ጣቶቹን ግንባሩ ላይ ሦስት ማዕዘን አደረገ። በዛ መሃል መቼ ፓስቲውን ተቀብዬ መብላት እንደጀመርኩ አላስታውስም።

ቀሪው አጭር ነው። ለዩኒቨርሲቲ ተጫወትኩ። አንድ ክለብ ለሙከራ ሄጄ ቁመቴን ለክተው፣ 1 ሜትር ከ64 ሲሉ፣ ኳስ ሳልነካ መለሱኝ። መናኸሪያ ሆኜ አባዬ ጋ ደወልኩ፣ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዛ «ራበሽ?» አለኝ። ሳቄ መጣ። አሁን አዲስ አበባ ሒሳብ ነው የምሠራው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር እንጫወታለን። ነፋስ የለም፣ ውርጭ የለም፣ ሁሉም መምታት ነው የሚፈልገው።

ዘንድሮ ለገና ወደ ቤት ሄጄ ነበር። ከቤቱ ጀርባ ሁለቱ ባሕር ዛፎች አሁንም አሉ፣ አናታቸው አይታይም። አባዬ ያኔ «ዛፉ ሲያድግ መረቡም አብሮ ይነሳል» ብሎ ይሰጋ ነበር። ዛፍ የሚረዝመው ከላይ ነው፤ ምስማሮቹ ባሉበት ናቸው፣ ቅርፊቱ ግማሽ ውጧቸዋል። ገመድ ተመልሶ ተወጥሮባቸዋል። ሜትር አምጥቼ መሃሉን ለካሁት። 2 ሜትር ከ24።

እማዬ እርጥብ አንሶላ ተሸክማ መጣች። በርጩማ ላይ ወጥታ፣ ተንጠራርታ፣ ጫፉን ገመዱ ላይ ለመጣል ስትታገል ደርሼ ተቀበልኳት።

«ስንት ጊዜ ለመንኩት» አለች፤ «ዝቅ አድርግልኝ ብዬ። እምቢ አለኝ።»