አመዱ ሳይጠረግ

ድሬዳዋ ላይ ቤት ሲቃጠል ሰው ለማግኘት አይቸግርም። እሳቱ ሳይጠፋ ሰፈሩ ባልዲ ይዞ ይወጣል፤ በማግስቱ እድሩ ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሩን፣ አፎቻው፣ የሰፈሩ መረዳጃ ማኅበር፣ ምግቡን ያደርሳል፤ ወጣቶቹም አካፋና ጋሪ ይዘው ግቢውን ሊያጸዱ ይመጣሉ። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄው የመጀመሪያው ሳምንት ነው። ጉልበቱ ሁሉ ባንዴ ይመጣና አመዱን ጠርጎ ይደፋል። በሦስተኛው ወር ግድግዳው ቆሞ፣ በሩና የመብራቱ ሥራ ሲጎድል ደግሞ ሰው በየሥራው ተበትኗል። ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ጎረቤት ቤታቸው ከነንብረቱ ከጠፋ፣ ትልቁ እገዛ ይህን ጉልበት አረጋግቶ ማቆየትና በየተራው ማዋል ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው መድኃኒት ነው። የግፊቱም የስኳሩም ኪኒን አብሮ ተቃጥሏል። ሰው በድንጋጤ ስለሚውል አያስታውሰውም፤ እማማም ቢጠየቁ «ደህና ነኝ ልጄ» ብለው ያልፉታል። የመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን የሚከታተሉበት ጤና ጣቢያ ካርድ ላይ ስለሚገኝ፣ በዚያው ቀን ይዟቸው የሚሄድ አንድ ሰው ይመደብ። የዋጡት ጭስም ጉዳቱ ቶሎ ላይታይ ይችላል። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ትንፋሽ ማጠር፣ የድምፅ መጎርነን ወይም ጥቁር አክታ ከመጣ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። ቀጥሎ መነፅር፣ ከዘራ፣ በእግራቸው ልክ የሆነ ጫማ። ብርድ ልብስ ሁሉም ሰው ያመጣል፤ መነፅር ግን ማንም አያመጣም። ማደሪያቸው የጎረቤት ክፍል ቢሆን እመርጣለሁ። በድሬ ሙቀት ድንኳን ውስጡ ከውጪው ይብሳል፤ የግድ ድንኳን ከሆነም ቀን ቀን ጎንና ጎኑ ተገልጦ ንፋስ ይለፍበት።

ፍርስራሹ ውስጥ ከመገባቱ በፊት መብራቱ ከፖሉ ላይ መቆረጡን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አንዱ ቤት ከሌላው ቤት ቆጣሪ መስመር የሚቀጥልበት ግቢ ብዙ ስለሆነ፣ የተቃጠለው ቤት ቆጣሪ ቀልጦ እያለ ከጎረቤት የመጣው ሽቦ ኤሌክትሪክ ሊኖረው ይችላል። ከሰል በጆንያ የነበረበት፣ ማሽላ ወይም ጤፍ የተከመረበት ጥግ ደግሞ ላዩ ቀዝቅዞ ውስጡ ለቀናት ይጤሳል። ክፍት ጫማ ያደረገ ሰው እዚያ አይግባ። ከመነካቱ በፊት ከአራቱም ማዕዘን ፎቶ ይነሳ፤ ፖሊስም መጥቶ ይይና የእሳት አደጋ ማስረጃውን ይጻፍ። ግቢው ከተጸዳ በኋላ የሚጠየቅ ማስረጃ ብዙ ያከራክራል።

አመዱ ላይ ልቆይ፤ ብዙ ነገር በከንቱ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነውና። እማማን ጥላ ሥር ወንበር ላይ አስቀምጦ ሳጥኑ የት እንደነበር፣ አልጋው በየት በኩል እንደነበር መጠየቅ ነው። ወለሉን በሲባጎ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር እየከፈሉ፣ እሳቸው ካሳዩት ጥግ መጀመር። ደረቁን አመድ መጥረግ ሳንባ ይጎዳል፤ የቀለጠ ፕላስቲክና ባትሪ፣ የቀለምና የቆርቆሮ ብናኝ አለበት። ውሃ አርከፍክፎ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ መጀመሪያ በአሸዋ ወንፊት፣ ከሥሩ የወረደውን ደግሞ በዱቄት ወንፊት ማጣራት። ወርቅ 1,064 ዲግሪ፣ ብር ደግሞ 962 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጡ፣ ጉትቻው እንደ ነበረ ይገኛል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ጥላሸት የለበሰ፣ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ጠጠር ከተገኘ ለብቻው ይቀመጥ፤ የወርቅ ሠሪ እሳትና ሚዛን ይለየዋል። ከፊሉ የተረፈ የብር ኖት አይታጠፍ፣ አይራገፍ፤ በጥጥ መሀል ጠፍጣፋ ካርቶን ላይ ተደርጎ እንዳለ ወደ ባንክ ይሂድ፤ ይቀየር አይቀየር የሚለው የባንኩ ውሳኔ ነው። ከ2013ቱ የብር ቅያሪ በፊት የነበረ የ10፣ የ50 ወይም የ100 ብር ኖት ከሆነ ግን ሙሉ ሆኖ ቢገኝም ዋጋ የለውም፤ ይህን ለእማማ ቀስ ብሎ መንገር ያስፈልጋል። የቅዱስ መጽሐፍ ቅሪት ከተገኘ ከቆሻሻው ጋር አይሂድ፤ ሼኩ ወይም ቄሱ የሚሉት ይደረግ።

የወረቀቱ ጉዳይ ክብ ሆኖ ያደክማል። ባንኩ መታወቂያ ይላል፤ መታወቂያውን ለማረጋገጥ ስልክ ላይ ቁጥር ይላካል፤ የስልክ መስመሩን ለማውጣት ደግሞ መታወቂያ ይጠየቃል። ይህን ክብ የሚሰብረው የፖሊሱ ማስረጃና ቀበሌ ላይ የሚያውቋቸው ምስክሮች ናቸው። ስለዚህ ፖሊስ፣ ቀበሌ፣ ሲም ካርድ፣ ባንክ፣ ጡረታ እያሉ በዚሁ ተራ መሄድ ይቀላል። ፋይዳ ተመዝግበው ከነበረ ካርዱ ቢቃጠልም 12 አሃዝ ያለው ቁጥራቸው ከመዝገቡ አይጠፋም። እድሜና ሥራ የጣት አሻራቸውን ቢያደበዝዘውም፣ ሲመዘገቡ የዓይናቸው ብሌንም ተወስዷል።

አንድ ጡብ ከመገዛቱ በፊት የሚጠየቀው ቤቱ የማን ነው የሚለው ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ወደ መንግሥት ከዞሩት የቀበሌ ቤቶች አንዱ ከሆነ፣ እማማ አርባ ዓመት ቢኖሩበትም ተከራይ ናቸው። ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ግድግዳ ከቆመ በኋላ የሚመጣው ክርክር የተዋጣውን ገንዘብ ሁሉ ሊያስቀር ይችላል። የግላቸው ከሆነ ካርታው ቢቃጠልም ቅጂው ከይዞታ ማህደሩ ይፈለጋል። የማደሻ ፈቃዱ እስኪወጣ ድረስ የሚያልፈው ጊዜም በከንቱ አይሄድም፤ ግድግዳ የሚመረመርበት ጊዜ ነው።

ግድግዳ ለመመርመር መሬቱን ማየት ይረዳል። አሉሚኒየም ድስት 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ወለሉ ላይ እንደ ተደፋ ውሃ ፈሶ የረጋ ብርማ ነገር ካለ፣ በአጠገቡ ያለው ግድግዳ ቢያንስ ያን ያህል ግለት አይቷል ማለት ነው። የሽቦው መዳብ ጫፉ ላይ ተንጠባጥቦ ከተገኘ ወይ እሳቱ ከ1,000 ዲግሪ አልፏል፣ ወይ እዚያ ቦታ ላይ ሽቦ ከሽቦ ተገናኝቷል። ኮንክሪት ከ300 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲግል ብዙ ጊዜ ወደ ሮዝ ቀለም ያደላል፤ ሮዝ የሆነው ክፍል ጥንካሬውን አጥቷልና ጭነት ሊጣልበት አይገባም። በመዶሻ ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ ነው፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተጎዳው ይታፈናል። ነጭ የኖራ ድንጋይ በኃይል ከነደደ ወደ ኖራነት ይለወጥና የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው ይፈራርሳል፤ በጥፍር ሲፋቅ ዱቄት የሚሰጥ ድንጋይ ይውጣ። በጣም የሚያታልለው የጭቃ ቤት ነው። ጭቃው በእሳቱ ተጠብሶ ከበፊቱ የጠነከረ ይመስላል፤ ውስጡ ያለው ቋሚና ማገር ግን ከሰል ሆኗል። ከታች በኩል፣ ከወለሉ አንድ ጋት ከፍ ብሎ፣ ጭቃውን ጥቂት ገልጦ ቋሚውን በቢላ መውጋት ነው። ቢላው ከገባ ግድግዳው ባዶ ልብስ ነው፤ ይፍረስ። መሠረቱ ግን እሳት ወደ ላይ ስለሚሄድ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፤ እሱን ሳያዩ ቆፍሮ መጣል ትልቅ ወጪ ማባከን ነው።

የተቃጠለ ቆርቆሮ ለጣሪያ አይመለስ። ዚንኩ ስለሄደ በአንድ ክረምት ይዝጋል። ለጊዜያዊ አጥር ይበቃል። አዲሱ ሲገዛ የጌጁ ቁጥር በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እንደሚሳሳ ማወቅ ይገባል፤ 35 ጌጅ በዋጋው ያማልላል፣ ንፋስ ግን ከምስማሩ ላይ ይቀደዋል። 28 ወይም 30 ይሻላል፤ አቅም ካጠረ 32፣ ከዚያ የሳሳ ግን አይሁን።

አራት ሜትር በአምስት ሜትር ለሆነች አንድ ክፍል፣ ወደ አንድ ጎን ብቻ ለሚያፈስ ጣሪያ፣ በየጎኑ ግማሽ ሜትር ከወጣ፣ ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ቆርቆሮ በስምንት ረድፍ ሦስት ሦስት ሆኖ 24 ይፈጃል። ለብልሽት ሁለት ተጨምሮ 26 ይገዛ። መደራረቢያው በርዝመቱ ከ20 ሳንቲሜትር እንዳያንስ፣ ምስማሩም ባለ ጎማ ሆኖ ከጎድጓዳው ሳይሆን ከጉብታው ላይ ይመታ። ግድግዳዋ 2.80 ሜትር ከፍታ ቢኖረው፣ በርና ሁለት መስኮት ተቀንሶ ወደ 46 ካሬ ሜትር ይመጣል። 40 በ20 የሆነ ብሎኬት በካሬ 12 ተኩል ስለሚገባ 575 ያስፈልጋል፤ ከስብራቱ ጋር 600 ማለት ነው። ብሎኬቱን ሁለት ሁለቱን ማጋጨት፣ ጠርዙን በጣት መፈርፈር ነው፤ የሚፈረፈር ከሆነ በሦስት ቀኑ ለገበያ የወጣ፣ ውሃ ያልጠጣ ነው። ከላይ 20 በ20 የሆነ ማሰሪያ ቢም ዙሪያውን ይዙር፤ አራት ፌሮ፣ በየ20 ሳንቲሜትሩ ፌሮዎቹን አቅፎ የሚይዝ የብረት ቀለበት (ስታፋ)። ዙሪያው 18 ሜትር ስለሆነ ባለ 12 ሜትር ፌሮ ስድስት ይበቃ ይመስላል፤ መደራረቢያው ግን ሰባት ወይም ስምንት ያደርሰዋል። የጣሪያው ወራጅ የሚታሰርበት ሽቦ ኮንክሪቱ ሳይደርቅ ከቢሙ ይውጣ፤ በኋላ ላይ በምስማር ብቻ የተያዘ ጣሪያ ከዝናብ በፊት የሚነሳውን ንፋስ አይችልም።

አሸዋው ከደረቅ ወንዝ የሚመጣ ስለሆነ ደለል ይበዛበታል። ግልጽ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ አሥር ሳንቲሜትር ያህል አሸዋ፣ በላዩ ውሃ፣ ቁንጥር ጨው ጨምሮ በደንብ መነቅነቅና ለሁለት ሦስት ሰዓት ማስቀመጥ። ከአሸዋው በላይ የሚረጋው ለስላሳ ጭቃ ከስድስት ሚሊሜትር ካለፈ፣ ይህም ከመቶ ስድስት ማለት ነው፣ ይታጠብ ወይም ይመለስ። ሌላው የድሬ ችግር ሙቀቱ ነው። የሲሚንቶና የአሸዋው ቡኮ በትልቁ ከተቦካ ግንበኛው ሳይጨርሰው ይጠነክራል፤ ያኔ ውሃ ጨምሮ ማለስለስ ግድግዳውን ያደክመዋል። በትንሽ በትንሹ ይቦካ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይለቅ። ቢሙ ጆንያ ለብሶ ቢያንስ ሰባት ቀን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ውሃ ይጠጣ። ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜሎቹ ከመገንባቱ በፊት ይሞሉ። ይህ ለታዳጊዎች የሚሰጥ ምርጥ ሥራ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት አካፋ ይዘው ለመጡት ሁሉ አንዳንድ ቀን ቢደርሳቸው ይበቃል።

ወለሉ ላይ ሁለት ነገር ይጋጫል። በ1998ቱ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ያጣች ከተማ ውስጥ ወለልን ዝቅ አድርጎ መሥራት አይታሰብም፤ ከግቢው 45 ሳንቲሜትር ከፍ ማለት አለበት። የእማማ ጉልበት ግን ይህን ከፍታ አይችልም። ለስላሳ ተዳፋት ይሠራ ከተባለ፣ ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት በሚለው ልክ 5.40 ሜትር ቦታ ይፈልጋል፤ ጠባብ ግቢ አይበቃውም። የሚያዋጣው አሥራ አምስት አሥራ አምስት ሳንቲሜትር የሆኑ ሦስት ደረጃዎች፣ መርገጫቸው 30 ሳንቲሜትር፣ ግራና ቀኙ የብረት ቱቦ መደገፊያ ያለው ነው። በሩ 90 ሳንቲሜትር ይስፋ፤ ማብሪያ ማጥፊያው ከአልጋቸው ሳይነሱ እጃቸው የሚደርስበት ይሁን።

ያንኑ እሳት መልሶ የሚጠራው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ከማዳበሪያ ጆንያ ወይም ከአቡጀዲ የሚወጠር ኮርኒስ ነው። እሳቱ በእሱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ይሮጣል፤ የማዳበሪያው ፕላስቲክ ደግሞ እየቀለጠ ሰው ላይ ይንጠባጠባል። ሌላው ምጣድ ነው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ስለሚስብ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፒር ይወስዳል። ለመብራት በተዘረጋ ባለ 1.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ ላይ በሶኬት መደራረቢያ ሲሰካ፣ ቆርቆሮው ሥር ያለው ሙቀት ተጨምሮ ሽቦው ልብሱ እስኪለሰልስ ይግላል። ለምጣድ ብቻ ባለ 4 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ፣ የራሱ 20 አምፒር ብሬከር፣ በቱቦ ውስጥ የሄደ መስመር ያስፈልጋል። እማማ እንጀራ ከጎረቤት ነው የምገዛው ቢሉም ይዘርጋ፤ ነገ የልጅ ልጅ ትመጣለች። ከጎረቤት ጋር የሚዋሰነው ግድግዳ ከጣሪያው በላይ ግማሽ ሜትር ያህል ቢያልፍ እሳት ከቤት ወደ ቤት ለመዝለል ይቸገራል።

ገንዘቡን ሁለት ሰው በአንድ ደብተር ይያዘው፤ በየሳምንቱም ለእማማ ድምፅ አውጥቶ ይነበብላቸው። ከተዋጣው ሲሶው ለበር፣ ለቁልፍ፣ ለመስኮት፣ ለመብራትና ለልስን ተለይቶ ይቀመጥ፤ ግድግዳ ላይ ሁሉም ያልቅና ቤቱ ያለ በር ይቀራል። ቆርቆሮና ሲሚንቶ ለመስጠት የሚመጣ ሰው ካለ፣ አሁን ዕቃውን ከመቀበል በስሙ መዝግቦ በሚፈለግበት ሳምንት መጥራት ይሻላል፤ ሲሚንቶ ሦስት ወር ከተቀመጠ ኃይሉ ይቀንሳል፣ ሜዳ ላይ የተከመረ ቆርቆሮም ይሰረቃል። በሩ ወዴት ይዙር፣ ምድጃው የት ይሁን የሚለውን ግን ማንም በእሳቸው ፈንታ አይወስን። ግንበኛው «እንዲህ ይሻላል እማማ» እያለ ቢፈጥንም፣ መሬቱ ላይ በኖራ መስመር ተሰምሮላቸው በመስመሩ ውስጥ ይመላለሱ፤ አልጋው በዚህ፣ ውሃው በዚያ ይበሉ። መስመሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ማጥፋት ምንም አያስከፍልም።

ገብተው ከተቀመጡ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ አንድ ጎልማሳ ከቤቱ ውስጥ ሆኖ ጣሪያውን ይመልከት። የሚያንጠባጥበውን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጎ፣ ሲደርቅ ምስማሩን ማጥበቅ ወይም ጎማውን መቀየር ነው። አሸንዳው ውሃውን ወዴት እንደሚጥል፣ ከደረጃው ሥርም ውሃ ይቁም አይቁም በዚያው ቀን ይታይ። ለዚህ ሥራ የሚመጣው ሰው ስም ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ደብተሩ ላይ ይጻፍ።