ይቅርታው እዚያው ሰልፉ ላይ ነው

ሞዴል 22 በሚባለው የንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነበር።

ጎንደር ውስጥ የአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ከሆንኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ጥቅምት ላይ ከንብረት ክፍል ሁለት ካርቶን የሂሳብ መጽሐፍ ጠፋ ተባለ። በር አልተሰበረም፣ መስኮት አልተነካም። ማታ ማታ ቁልፉ ያለው ጥበቃው ዘንድ ነው። ስድሳን ያለፉ ሰው ናቸው፤ ግቢው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። እኔም ሳልጠይቅ፣ ሳላጣራ ደመደምኩ። ሰኞ ጠዋት ተማሪው ተሰልፎ እያለ ማይኩን ይዤ፣ «ቁልፍ በአደራ የተሰጠው ሰው ሲሰርቅ በጣም ያሳፍራል» አልኩ። ስም አልጠራሁም። መጥራትም አላስፈለገኝ። ሁሉም ዞሮ እሳቸውን አየ።

ጋሼ ባንዲራውን ሰቅለው ገመዱን እያሰሩ ነበር። እጃቸው አልቆመም። ቋጠሮውን ጨረሱ፣ ጠበቅ አድርገው ሞከሩት፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱና ወደ በሩ ሄዱ። የልጅ ልጃቸው ሦስተኛ ክፍል ነበረች። እዚያው ሰልፍ ላይ ቆማ ሰምታለች። እኔ እሷን አላሰብኳትም።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሌላ ወረቀት ስፈልግ ያ ሞዴል 22 ከፋይል ውስጥ ወጣ። ነሐሴ ላይ ሁለቱን ካርቶን ለጎረቤት ትምህርት ቤት ያዋስኩት እኔ ነኝ። የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ መስከረም ላይ የመጣች አዲስ ስለነበረች አታውቅም። ፊርማዬን አየሁት፤ ቀኑን አየሁት። ተነስቼ የቢሮዬን በር ዘጋሁ።

መጀመሪያ ያሰብኩትን ልናገር። ጋሼን ቢሮ ጠርቼ፣ ቡና አስፈልቼ፣ ለብቻችን «አጥፍቻለሁ» ልላቸው ነበር። ለበዓልም የሆነ ነገር እጨምርላቸዋለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ይህን ይዤ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ጨርሰው ሰሙኝና «ሌባ ያልሻቸው የት ነው?» አሉኝ።

«ሰልፍ ላይ።»

«እንግዲያማ ይቅርታውም እዚያው ሰልፉ ላይ ነው።»

«አባ፣ ተማሪው ይንቀኛል፤ መምህራኑም ከዚህ በኋላ አይታዘዙኝም» አልኳቸው።

«ሊሆን ይችላል» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። አይዞሽ ቢሉኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

እሑድ ማታ የምናገረውን ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። ሦስቱም ላይ «ግን» የሚል ቃል ነበረበት። «ተሳስቻለሁ፤ ግን መረጃው ተሟልቶ አልቀረበልኝም።» «ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ግን ለመንግሥት ንብረት ከመቆርቆር ነው።» ከ«ግን» በኋላ የሚመጣው ሁሉ እኔን ወደ ላይ መልሶ የሚያወጣ መሰላል ነው። አራተኛው ላይ አወጣሁት፤ ወረቀቱም አጭር ሆነ። ሰኞ እንዲህ አልኩ፦ «መጽሐፍ ተሰረቀ ብዬ ነበር። አልተሰረቀም፤ ፈርሜ ያዋስኩት እኔ ነኝ። ጋሼን በሐሰት ሌባ አድርጌያቸዋለሁ። ጋሼ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር።» ከደረጃው ወርጄ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ። «ይቅር ለሁላችን። ተነሺ ልጄ፣ ልጆቹ ፀሐይ ላይ ናቸው» አሉኝ።

ስለ ትሕትና ያለኝ ሐሳብ ከዚያ በፊት የተለየ ነበር። ትሑት ነኝ ብዬ ነው የማስበው። ስብሰባ ላይ «እኔ ታናሻችሁ ነኝ» እላለሁ። ሰው ሲገባ ብድግ እላለሁ። በተሾምኩበት ዓመት የክፍለ ጊዜ ድልድሉን እንኳን «እናንተው ተነጋገሩበት» ብዬ ለመምህራኑ ተውኩት። አለቅነት አላበዛም ማለቴ ነበር። ድምፁ ጎላ ያለው በሳምንት 18 ክፍለ ጊዜ ይዞ ወጣ። ዝም ያሉት ሁለት መምህራን ደግሞ 30 ወደቀባቸው። አንዷ አራስ ነበረች። በዓመቱ መጨረሻ መጥታ፣ «አንቺ ጥሩ ሰው ነሽ ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ ግን የሚያስጥለኝ አለቃ ነበር የፈለግኩት» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ትሕትና ያልኩት ነገር ፍርሃት ነበር። ላለመጠላት ስል የእኔን ሸክም ለደካማው አሸክሜዋለሁ።

ሁለቱ ጥፋቶቼ ተቃራኒ ይመስሉ ነበር። አንዱ ላይ ሥልጣኔን ጣልኩ፣ ሌላው ላይ በሥልጣኔ ሰው ቀጠቀጥኩ። ሁለቱም ጊዜ ግን የማስበው ስለ ራሴ ነበር፤ እንዴት እንደምታይ።

ይህ የገባኝ የዚያኑ ዓመት ጸሎተ ሐሙስ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ነው። ካህኑ ጎንበስ ብለው የምእመናኑን እግር ያጥባሉ። የወይራና የወይን ቅጠሉ ውኃው ውስጥ ነው። ጋሼ ጫማቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል፤ ተረከዛቸው ተሰነጣጥቋል። ሌሊቱን ሙሉ ግቢ ሲዞር የኖረ እግር ነው። ካህኑ አልቸኮሉም፤ ስንጥቁን ሁሉ አጠቡት። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ሲነበብ ከልጅነቴ ስሰማው የኖርኩት ነው። ያን ቀን ግን አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። ጌታችን እግራቸውን አጥቦ ሲጨርስ «እኔ ጌታ አይደለሁም» አላላቸውም። መምህርና ጌታ ትሉኛላችሁ፣ ልክ ናችሁ፣ ነኝም ነው ያላቸው። ወንበሩን አልካደም። ወንበሩን ይዞ ነው ጎንበስ ያለው። እኔ ደግሞ አንድ ዓመት ወንበሩን ክጄ፣ በቀጣዩ ዓመት ጎንበስ ማለቱን ረስቻለሁ።

አስተዳደር ከመግባቴ በፊት ታሪክ ነበር የማስተምረው። የአፄ ሱስንዮስን ነገር ለስንት ዓመት ለተማሪ ነግሬያለሁ። ሕዝቡን ወደ ካቶሊክ እምነት ሊያስገቡ አዋጅ አወጁ፤ አገሩ ተነሳባቸው፤ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። በ1632 እ.ኤ.አ. ግን ያን አዋጅ ራሳቸው ሻሩት፤ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» የሚባለው ያኔ ነው። ይህች ከተማም ከዚያ በኋላ በፋሲል የተቆረቆረች ናት። ሳስተምር የሃይማኖት ጠብ አድርጌ ብቻ ነበር የማየው። አሁን ሳስበው፣ የራስን አዋጅ በራስ አፍ መሻር ምን ያህል እንደሚከብድ ይታየኛል። የእኔ ሁለት ካርቶን መጽሐፍ ነው፤ ለዚያውም እሑድ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ ወዲህ የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ራሴ እሠራለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ያኮረፉኝ መምህራን ነበሩ፤ አልፏል። ማንንም የምገሥጸው በሩ ተዘግቶ ነው፤ አስቀድሜም «ምን ሆኖ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ጥፋቱ የእኔ ሲሆን ደግሞ የተናገርኩበት ቦታ ሄጄ እመልሰዋለሁ። ሦስት ጊዜ ደርሶብኛል። ሦስተኛውም አልቀለለኝም። ተማሪው ይንቀኛል ብዬ የፈራሁት አልሆነም። ግን ያ ባይሆንም ያው ነበር፤ ዕዳው ዕዳ ነው።

ያልተመለሰም ነገር አለ። ይቅርታ እስክጠይቅ ድረስ ባሉት ሁለት ሳምንታት የጋሼን የልጅ ልጅ ልጆቹ «የሌባ ልጅ» ሲሏት ነበር። ይህን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ይቅርታዬን ሰልፉ ሁሉ ሰምቷል፤ እነዚያን ቀኖች ግን ከእሷ ላይ ማንሳት አልቻልኩም። አሁን አምስተኛ ክፍል ናት። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ከአያቷ ጎን እቆማለሁ። ስትገባ ስሟን ጠርቼ «እንደምን አደርሽ?» እላታለሁ። አቀርቅራ ታልፈኛለች። እስካሁን መልሳልኝ አታውቅም።