«ትስማማላችሁ?» ሲባል አንገቴን ነቀነቅኩ

ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ የቡድን ውይይት ነበረን። ቀናት አልፈውም ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

አምስት ነበርን። ጥያቄው የፊዚክስ ነው። አንድ ድንጋይ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወረወራል። የመጨረሻው ከፍታ ላይ ሲደርስ፣ ልክ ሊመለስ ሲል፣ ፍጥነቱ ስንት ነው? አክስለሬሽኑስ? የተሰጠን ጊዜ 10 ደቂቃ ነው።

በመጀመሪያው ማንም አልተከራከረም። ድንጋዩ ጫፍ ላይ ለቅጽበት ቀጥ ይላል፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ዜሮ ነው። ሁለተኛው ገና ተነቦ ሳያልቅ ከመካከላችን ፈጣኑ ልጅ «እሱም ዜሮ ነዋ! የቆመ ነገር ምን አክስለሬሽን አለው?» አለ። ጸሐፊያችን ወዲያው ጻፈችው። ሁለት ደቂቃ እንኳን አልሞላንም።

እኔ ደግሞ ደብተሬ ጠርዝ ላይ በእርሳስ አራት ቃል ጽፌ ነበር። «ዜሮ ከሆነ ለምን ይወርዳል?»

ሐሳቤ ቀላል ነው። አክስለሬሽን ማለት ፍጥነት የሚለወጥበት መጠን ነው። ድንጋዩ ፍጥነቱም ዜሮ፣ ለውጡም ዜሮ ከሆነ እዚያው አየር ላይ ተንጠልጥሎ መቅረት ነበረበት። ግን ይወርዳል። የሆነ ነገር አልገጠመም።

ጸሐፊያችን ቀና ብላ «ትስማማላችሁ?» አለች። አራቱንም ፊት አየሁ። ሁሉም እርግጠኛ ይመስላሉ። አንገቴን ነቀነቅኩ። ከዚያ ላጲስ አንስቼ አራቱን ቃላት አጠፋኋቸው።

ይሄ ማጥፋቴ ነው ከሁሉም በላይ የከነከነኝ። አለመናገር አንድ ነገር ነው። የራስን ጥያቄ ከራስ ደብተር መፋቅ ግን ሌላ ነው። ማንም አላስገደደኝም። ማንም አልሳቀብኝም። አራት ሰው ከተስማማ እኔ ያልገባኝ ነገር መኖር አለበት ብዬ ነው።

በኋላ ስለዚህ ነገር ማንበብ ጀመርኩ። ሰለሞን አሽ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያደረገው ሙከራ አለ። ሰዎች አንድ መስመር ያያሉ። ከዚያ ከሦስት መስመሮች መሃል በርዝመት እኩያውን ይመርጣሉ። መልሱ ዓይን ላለው ሁሉ ግልጽ ነው። ነገር ግን ከአንዱ ተፈታኝ በቀር ሌሎቹ አስቀድመው ተነግሯቸዋል፤ በአንድ ድምፅ የተሳሳተውን መስመር ይመርጣሉ። ከተፈታኞቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው የሚያየውን ትተው ከቡድኑ ጋር ተሳስተዋል። እኔ ግን ደጋግሜ ያነበብኩት ቀጥሎ ያለውን ነው። ከሌሎቹ አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን ሲናገር የተፈታኙ መሸነፍ በጣም ይቀንሳል። አንድ ሰው ብቻ!

እኔም ያቺን አንድ ሰው አገኘኋት። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ቡድኖቹ መልሳቸውን አቀረቡ። አብዛኞቹ እንደኛው «ዜሮና ዜሮ» አሉ። መምህራችን ትክክል ነው አላሉም፤ ስህተት ነውም አላሉም። «አሁን ለአንድ ደቂቃ ማንም አይናገር። ለየብቻ አስቡበት። ከዚያ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተነጋገሩ» አሉን።

ለካ ይሄ የታወቀ ዘዴ ነው። መጀመሪያ ብቻህን አስብ፣ ከዚያ ከአንድ ሰው ጋር ተነጋገር፣ ከዚያ ለሁሉም አካፍል። ፍራንክ ላይማን የተባሉ የትምህርት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቁት ነው። ኤሪክ ማዙር ደግሞ ሃርቫርድ ውስጥ ፊዚክስ ሲያስተምሩ ተማሪዎቹ መጀመሪያ ለየብቻ መልስ እንዲመርጡ፣ ከዚያ ጎረቤታቸውን ለማሳመን እንዲሞክሩ፣ ከዚያ እንደገና እንዲመርጡ ያደርጉ ነበር። ያን ቀን ይሄን ሁሉ አላውቅም። ያወቅኩት ያቺ አንድ ደቂቃ ምን ያህል እንደረዘመች ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። አራቱ ቃላት ተመልሰው መጡ።

ጎኔ የተቀመጠችው ልጅ እስከዚያ ድረስ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ዞር ብላ ደብተሬን አየች። እርሳስ ስይዝ ጫን አድርጌ ነው የምጽፈው፤ ላጲሱ ጥቁሩን ቢያነሳውም ጉድጓዱ ወረቀቱ ላይ ቀርቷል። ደብተሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለችውና ፊደል በፊደል አነበበችው።

«ለምን አጠፋሽው?» አለችኝ።

«እንጃ፤ ሁሉም ሲስማማ ጊዜ...»

«እኔ እኮ ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጫፍ ላይ ከመድረሱ አንድ ሰከንድ በፊት ወደ ላይ በሰከንድ 9.8 ሜትር ነው የሚሄደው። ከአንድ ሰከንድ በኋላ ወደ ታች 9.8። ለውጡ በየሰከንዱ ያው ነው። ጫፉ ላይ ሲደርስ ለውጡ የሚቆምበት ምን ምክንያት አለ?»

ፀጉሬ ቆመ። የኔ ጥያቄ ዜሮ ሊሆን እንደማይችል ያሳያል፤ ስንት እንደሆነ ግን አይናገርም። የሷ ስሌት ስንት እንደሆነ ይናገራል። ሁለቱ ሲገጥሙ ነገሩ ያልቃል፤ የመሬት ስበት ጫፍ ላይ ሲደርስ እረፍት አይወጣም። አየሩን ከተውነው አክስለሬሽኑ በመንገዱ ሁሉ፣ ጫፉም ላይ፣ ያው ነው፤ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ9.8 ሜትር በሰከንድ ይለወጣል፤ አቅጣጫው ወደ ታች።

እና ሁለታችንም መልሱን ለሁለት ተካፍለን ይዘነው አንድ ጠረጴዛ ላይ ዝም ብለን ተቀምጠን ነበር።

ስታሰርና ታይተስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተሙት ጥናት በትክክል ይሄን ይመለከታል። በቡድን ሲወያዩ ሰዎች የሚደጋግሙት ሁሉም አስቀድሞ የሚያውቀውን ነው። አንድ ሰው ብቻ የያዘው መረጃ ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ይቀራል፤ ውሳኔውን የሚለውጠው እሱ ቢሆንም እንኳ። «ዝም አይነቅዝም» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ለሐሜትና ለጠብ እውነት ይሆናል። ለቡድን ውይይት ግን አልቀበለውም። የኔ ዝምታ ነቅዟል፤ ደብተሬ ላይ ጉድጓዱን አይቼዋለሁ።

ወደ አምስታችን ተመለስን። ጎረቤቴ «እሷ አንድ ጥያቄ አላት» ብላ መንገድ ከፈተችልኝ። ተናገርኩ። እሷ ስሌቱን ጨመረች። ፈጣኑ ልጅ ይሟገተናል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ላጲሴን ከጠረጴዛው ላይ አነሳና ወደ ላይ ወረወረው። ያዘው። እንደገና ወረወረው። ሦስተኛው ላይ ጫፉ ላይ ዓይኑን ተክሎ ቆየ።

«ልክ ናችሁ» አለ። «ቆይ፣ ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም?»

ቁጣ አልነበረውም። ከልቡ ነው የጠየቀው። መልስ አልነበረኝም። እሱ ቀጠለ፦ «እኔ እኮ ዝም ሲባል ይጨንቀኛል። አንድ ሰው መጀመር አለበት ብዬ ነው የምጀምረው። ዝም ስትሉ ደግሞ የተስማማችሁ ይመስለኛል።»

ስንት ጊዜ በልቤ ተቀይሜዋለሁ መሰላችሁ! ዕድል የሚነፍገን እሱ ይመስለኝ ነበር። እሱ ደግሞ እኛ የተውነውን ባዶ ቦታ እየሞላ ነበር። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ ተመራማሪ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል እንኳ እንደማይጠብቁ አሳይተዋል። ሦስት ሰከንድ ሲጠብቁ የተማሪዎቹ መልስ ይረዝማል፤ ሳይጠሩ የሚናገሩትም ይበዛሉ። ሦስት ሰከንድ ምን አላት? ለሱ ግን ረጅም ናት። ለኔ ደግሞ ታጥራለች። ያን ቀን ነው ይሄን ያወቅነው።

በነገራችን ላይ ለተሳትፎ ነጥብ መስጠት መፍትሔ አይመስለኝም። ነጥብ ሲቆጠር ሰው የሚናገረው ለመቆጠር ነው። ጎረቤቴን ያናገራት ነጥብ አይደለም፤ አንድ ጸጥ ያለ ደቂቃና አንድ የሚሰማት ሰው ነው።

ትናንት እንደገና ተሰበሰብን። ሌላ ጥያቄ ነው፤ ከባድና ቀላል ነገር ከአንድ ከፍታ እኩል ሲለቀቁ ማን ይቀድማል የሚል። መልሱ ቶሎ መጣ። ጸሐፊያችን እርሳሷን ስታነሳ ፈጣኑ ልጅ እጇን ያዝ አደረገና «ያልተነገረ ነገር ያለው አለ?» አለ። ከዚያ ዝም አለ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ እየቆጠረ ነበር።

እኔ ተናገርኩ። በዚህኛው ተሳስቼ ነበር። አየሩ የሚወድቀውን ነገር የሚቃወምበትን ኃይል ሁለቴ ቆጥሬዋለሁ። ጎረቤቴ ደብተሬን ወደሷ ስባ የተሳሳትኩበትን መስመር በጣቷ አሳየችኝ፤ ከጎኑም ትክክለኛውን ጻፈችልኝ።

ሁለቱም እዚያው አሉ። ላጲሱን አላነሳሁም።